ጥቁሩን ፕላስቲክ በኮባ ተካሁት

ጅማ ውስጥ ከቤቴ ጓሮ የአበባና የቡና ችግኝ እሸጣለሁ። ባለፈው ክረምት አንዲት ደንበኛዬ «ችግኙ ደረቀብኝ» ብላ መጣች። ሄጄ ብቆፍረው ለካ ችግኙ ካደገበት ጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት ሳታወጣው ነው የተከለችው። ሥሩ መውጫ አጥቶ ዞሮ ዞሮ ራሱን አንቋል። ስሸጥላት ያልነገርኳት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

ፕላስቲኩን ለመተካት መጀመሪያ ጋዜጣ ሞከርኩ። ሁለቴ ውኃ ሳጠጣው ተበጣጥሶ አፈሩ ዝርግፍ አለ። መፍትሔው የመጣው ከማዕድ ቤት ነው። እማዬ ዳቦ ልትደፋ ኮባውን እሳት ላይ ለብ ለብ ስታደርገው አየሁ። ጥሬው ኮባ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ እሳት ካየ ግን እንደ ጨርቅ ይታዘዛል።

የመሐሉን ወፍራም ጅማት አወጣሁ። ቅጠሉን ደርቤ በቲማቲም ጣሳ ላይ ጠቀለልኩ፣ ታቹን አጥፌ በቃጫ አሰርኩት። ጣሳውን ስስበው ከረጢት ሆኖ ቀረ። ከነኮባው ይተከላል፤ ኮባው አፈር ውስጥ ይበሰብሳል።

የመጀመሪያዎቹ መሬት ላይ ስለደረደርኳቸው ታቻቸው ቶሎ በሰበሰ። አሁን የእንጨት ርብራብ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ፣ በአንድ ወር ውስጥ ለሚሸጥ አበባ በቂ ነው። የተቆረጠ ጽጌረዳም በዚሁ ኮባ እጠቀልላለሁ፤ ከሚያብረቀርቀው ላስቲክ ይልቅ ያምራል።

ለቡና ግን አልሆነም። ችግኝ ጣቢያ ለወራት ስለሚቆይ ኮባው አይጠብቀውም። እዚያ ላይ ፕላስቲኩን አልተውኩም፤ 5 ብር ጨምሬ እሸጥና ከረጢቱን ላመጣልኝ ብሩን እመልሳለሁ። ሰፈር ያሉ ልጆች ሳይቀሩ እየለቀሙ ያመጡልኛል።