ስለ ኦቲዝም በስልክ ስትጠይቁ
ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሆናችሁ በቴሌግራም ስለ ኦቲዝም (የልጁን ንግግርና ከሰው ጋር መግባባት የሚነካ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት) ወደሚወያይ የወላጆች ቡድን ስትገቡ «ልጄ አይናገርም፣ ምን ላድርግ?» ብቻ አትበሉ፤ መልሱ ግምት ይሆናል። ዕድሜውን፣ ስንት ቃል እንዳለው፣ በስሙ ሲጠሩት ዞር ማለት አለማለቱን ጻፉ። ለምሳሌ፦ «3 ዓመት ከ4 ወሩ ነው፤ 5 ቃል አለው፤ ውሃ ሲጠማው እጄን ይዞ ወደ ጀሪካኑ ይጎትተኛል፤ ቡና ሲወቀጥ ጆሮውን ይይዛል።» እንዲህ ሲሆን ያለፉበት እናቶች የሚይዙት ነገር ያገኛሉ።

ስሙንና ፊቱን ግን አትለጥፉ፤ አንዴ ከወጣ አይመለስም። የ1 ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጻችሁ ደሴ ሪፈራል ለሕፃናት ሐኪም አሳዩ፤ ብዙ ልጆች ሐኪም ፊት ጠባያቸው ይለወጣልና። የጆሮ ምርመራም ጠይቁ።

«አድናለሁ» ብሎ ጠብታ የሚሸጥ ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘብ አትላኩ። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ የሚሉት ጠብታ ደግሞ እንደ በረኪና የሚያነጣ ኬሚካል ነው፣ የልጁን አንጀት ይጎዳል።