የአባትነት ፈቃድ ሲጠየቅ የሚፈጸሙ ስህተቶች

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 81 ለወንድ ሠራተኛ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት የ3 ተከታታይ ቀናት የአባትነት ፈቃድ ሰጥቷል። ከእርሱ በፊት በነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ይህም አልነበረም። ቀኖቹ ጥቂት ስለሆኑ በአጠያየቅ ላይ የሚፈጠር አንድ ስህተት ሁሉንም ሊያሳጣ ይችላል።

በሰው ሀብት ሥራ ላይ ከሚያጋጥሙኝ ስህተቶች ሁሉ ትዕግሥቴን የሚፈትነው፣ ነገሩን ምጥ እስኪመጣ ድረስ ለማንም ሳይናገሩ መቆየት ነው። የምጡ ቀን በትክክል ባይታወቅም የሚጠበቅበት ጊዜ በእርግዝና ክትትል ካርዱ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ አንቀጽ 84ም ፈቃድ የሚፈልግ ሠራተኛ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ፣ ሲጠየቅም ማስረጃ እንዲያቀርብ ያዛል። አባት ግን በእኩለ ሌሊት ለፈረቃ ኃላፊው ይደውላል፤ ኃላፊውም «እንኳን ማርያም ማረችልህ» ብሎ ስልኩን ይዘጋና ለማንም ሳያስተላልፍ ይረሳዋል። በአንድ ፋብሪካ እንዲህ የደወለ የማሽን ኦፕሬተር ሦስቱም ቀን እንደቀረ ተመዝግቦበት፣ ደመወዙ ተቆርጦ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ደርሶት አይቻለሁ። ያለ በቂ ምክንያት መቅረት፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶበት፣ በ6 ወር ውስጥ 5 የሥራ ቀን ከሞላ ከሥራ ሊያሰናብት ስለሚችል ጉዳዩ የሦስት ቀን ደመወዝ ብቻ አይደለም። ከወሊዱ አንድ ወር ገደማ አስቀድሞ የሚጠበቀውን ጊዜ የሚገልጽ አጭር ማመልከቻ ለመዝገብ ቤት ማስገባት፣ ቅጂውንም አስፈርሞ መያዝ ይህን ሁሉ ያስቀራል። የግማሽ ገጽ ጽሑፍ ነው፤ ለምን እንደሚከብድ እስካሁን አልገባኝም።

ሁለተኛው የቀን አቆጣጠር ነው። ለጋብቻና ለሐዘን የሚሰጠው 3 የሥራ ቀን ሲሆን የአባትነቱ ግን ተከታታይ ቀን በመሆኑ፣ ዓርብ የጀመረ አባት እሑድ ይጨርሳል፤ ሰኞ ሥራ ላይ መገኘት አለበት። ተጨማሪ ጊዜ የሚፈልግ፣ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ከሆነው የዓመት ፈቃዱ ላይ እንዲያያዝለት የዓመቱ ፕሮግራም ሲወጣ ይጠይቅ።

አሠሪዎችም ከስህተት አያመልጡም፤ ሦስቱን ቀን ከዓመት ፈቃድ ላይ የሚቀንስ ድርጅት ሕግ እየጣሰ ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ጎረቤት 10 የሥራ ቀን እንዳገኘ ጠቅሶ መከራከርም አያዋጣም፤ ያ ቁጥር የመጣው ለፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከወጣው ሕግ ስለሆነ የግል ድርጅትን አያስገድድም።

እናቲቱ በቀዶ ሕክምና ወልዳ ወይም ሕፃኑ ታሞ ቀኑ ሲያጥር፣ አንዳንድ አባቶች ሐሰተኛ የሕመም ፈቃድ ያጽፋሉ። አዝንላቸዋለሁ፤ ሆኖም ማታለል ያለ ማስጠንቀቂያ ከሥራ ሊያሰናብት ይችላል። ይኸው አንቀጽ 81 ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ላጋጠመው ሠራተኛ እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ያለ ደመወዝ ፈቃድ፣ በአንድ የበጀት ዓመት እስከ ሁለት ጊዜ፣ እንዲሰጠው ስለሚፈቅድ በዚያ መጠቀም ይሻላል።

ሕፃን በጉዲፈቻ ለሚያሳድጉ ወላጆች አዋጁ የተለየ ፈቃድ አላስቀመጠም። ይህም ሆነ ከ3 ቀን በላይ የሆነ የአባትነት ፈቃድ በኅብረት ስምምነት ሊገኝ ስለሚችል፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ለድርድር ከመቀመጡ በፊት ጥያቄውን በጽሑፍ ማስያዝ ያስፈልጋል፤ ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ እስከሚቀጥለው ድርድር መቆየቱ አይቀርም።