ወንድሜ መጣ ወይስ መታ? የቴክስት አማርኛ አነባበብ

ባለፈው አክስቴ በሌሊት ደወለችልኝ። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። «ማንን ነው የመታው?» አለችኝ። ትንሹ ልጇ በቴሌግራም ቁራጭ መልእክት ልኮላታል፣ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ። «ወንድሜ» ይልና ኤም፣ ኢ፣ ቲ፣ ኤ ይከተላል። እሷ «መታ» ብላ አነበበችው። ልጁ ያለው ግን «መጣ» ነው። ታላቅየው ከክፍለ ሀገር በሰላም ገብቷል፣ ማንንም አልነካም።

ይቺን የምጽፈው ለእሷና ለቢጤዎቿ ነው። ቃላቱን እየዘረዘርኩ ላሸመድዳችሁ አልሞክርም፤ ዛሬ የሸመደዳችሁት ከርሞ ፋራ ያስብላችኋል። ዘዴውን ያዙ።

መጀመሪያ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የምሬን ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፍ አማርኛ የሚያጥረው አናባቢው እየተነቀለ ነው። ኤስ-ኤል-ኤም ሰላም ነው። ኤም-ኤን ምን፣ ኤል-ኤም-ኤን ለምን፣ ቢ-ኬ-ኤ በቃ። ኤን-ደብሊው ደግሞ ራሱ «ነው» ነው። ዓይን ብቻውን አይፈታውም፣ አፍ ይፈታዋል። ደግሞ የዘመኑ ልጆች ያመጡት ጉድ እንዳይመስላችሁ፤ ከንጉሥ ኢዛና በፊት፣ ማለትም ከ4ኛው መቶ ዘመን በፊት የተቀረጹት የግዕዝ ጽሑፎችም አናባቢ አልነበራቸውም፣ አንባቢው ነበር ከራሱ የሚሞላው። ልጆቻችን ሳያውቁት አክሱም ገብተዋል።

ቀጥሎ ቲ ስታዩ ቆም በሉ። የእንግሊዝኛ ፊደል ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ የሉትም። ስለዚህ መጣ እና መታ፣ ጠፋ እና ተፋ፣ ጠራ እና ተራ አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። ሁለቱንም ሞክሩና ከዐረፍተ ነገሩ ጋር የሚሄደውን ያዙ፤ «ስልኬ ተፋ» ትርጉም ከሌለው ጠፍቷል ማለት ነው። ኬም እንዲሁ ለከ እና ለቀ ይሠራል። አንዳንዱ ለቀ ኪው ይጽፋል፣ እግዜር ይስጠው። ኤክስ ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ቁቤ የለመደ ለጠ ያደርገዋል፣ ሌላው ለሸ። ኢ የምትባለዋም ጣጣ አላት። ኤስ-ኢ-አር-ኤ ብሎ የጻፈ ሰው «ሰራ» ሊል ይችላል፣ «ሥራ»ም ሊል ይችላል፣ «ሴራ»ም ያው ነው። ባላችሁ ሥራ በዝቶብኛል ሲል ሴራ በዝቶበታል ብላችሁ አትነሱበት።

በገዛ ፊደላችን ለምን አይጽፉም ትሉ ይሆናል። የድሮ ስልኮች አብዛኞቹ አማርኛ አያውቁም ነበር። ቢያውቁም አንድ ኤስኤምኤስ በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ሆሄ ይይዛል፣ በእኛ ፊደል ሲሆን ግን 70 ብቻ። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። እርግጥ የእኛ አንዱ ፊደል የእነሱን ሁለት ስለሚሸከም ኪሳራው የሚወራውን ያህል አይደለም፣ ቢሆንም ጣት አንዴ ለምዷል። ዛሬ ቴሌግራም ላይ ቦታ ሞልቶ እየተረፈም ይቆርጣሉ። ማሳጠሩን እንደሆነ እኛም እንችልበታለን፤ ወ/ሮ፣ ት/ቤት፣ ፍ/ቤት፣ ገ/ማርያም እያልን አይደል ያደግነው?

ቁጥር ከመጣ በእንግሊዝኛ አንብቡት። 10 ከጎኑ ኤክስ ካለበት «ቴንክስ»፣ ማለትም አመሰግናለሁ ነው። 9 ከቲ ጋር ናይት ነው። ዕቃ የሚሸጥ ሰው 25ኬ ካለ 25 ሺህ ብር ማለቱ ነው፤ «ኢንቦክስ» ካለ ደግሞ ዋጋውን በአደባባይ አልናገርም፣ ለብቻዬ ጠይቁኝ ነው።

አሁን ዋናው መከራ። አንዱ ምህጻር በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር ይሆናል። ጂ-ኤን ዐረፍተ ነገር መሀል ከመጣ «ግን» ነው፣ ማታ ብቻውን ከመጣ ደህና እደሩ ነው። ቦታውን እዩ፣ ሰዓቱንም እዩ። ሎል ሳቅ ነው፣ ፍቅር አይደለም። በዚህ የተሳሳተ ሁሉ አይፈር፤ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዴቪድ ካሜሩን እንኳ «ብዙ ፍቅር» መስሏቸው መልእክታቸውን በሎል ይዘጉ እንደነበር በ2012 እ.ኤ.አ. የአገሪቱን ጋዜጦች አሠራር ይመረምር በነበረው በሌቨሰን አጣሪ ጉባኤ ፊት ተነግሯል። የእኛ ሰው በአማርኛ ሲስቅ «ኪኪኪ» ወይም «ቅቅቅ» ይላል፣ ይሄ አያሳስትም። ኤችቢዲ ልደት ነው። አርአይፒ ሞት ነው። በእኔ በኩል በአርአይፒ ለቅሶ መድረስ አይዋጥልኝም፣ «ነፍስ ይማር» እኮ ስድስት ፊደል ነው!

የአራዳ ቋንቋው ደግሞ ሌላ ፈተና ነው፣ ምክንያቱም ፊደሉም ቃሉም የራሳችን ሆኖ ትርጉሙ ይሸሻል። «ጠበሳት» የሚል ካያችሁና ወሬው ውስጥ ድስት ከሌለ፣ ልጁ ልጅቷን አግባብቶ የፍቅር ጓደኛው አደረጋት ማለት ነው፣ ማንም አልተቃጠለም። «ዘጋኝ» በር የለበትም፤ ጻፍኩለት፣ አልመለሰልኝም ነው። መልእክቱን አይቶ ዝም ሲል ደግሞ «በሲን ዘጋኝ» ይባላል፣ ይሄኛው የበለጠ ያማል። «ላሽ አለ» ጥሎ ሄደ ነው። «ነፍ» ብዙ ነው፣ «ጨላ» ብር። ተጠንቀቁ፣ «ሙድ አለው» ሙገሳ ነው፣ «ሙድ ያዘብኝ» ግን አፌዘብኝ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ግሱ ላይ ነውና እስከ መጨረሻው ሳታነቡ አትሳቁ።

ይሄ ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ካለ ጠይቁ። ግሩፕ ላይ አይደለም፣ ለጸሐፊው ለብቻው፣ «ልጄ ይሄ ምን ማለት ነው?» በሉት። ደስ እያለው ይመልሳል። ሳይገባችሁ ወደ ሌላ ሰው ፎርዋርድ ማድረግ ግን ይቅር፣ የቤተሰብ ግሩፕ የሚቀወጠው በዚህ ነው።

እናንተ ስትጽፉ ደግሞ ለማን እንደምትጽፉ አስቡ። ማሳጠር «እርስዎ»ን ይበላል። ለጓደኛ ኤን-ኤች ብላችሁ «ነህ» ብትሉ ማንም አይቀየምም፣ ለአማታችሁ ግን «እንደምን አደሩ» የሚለውን ሙሉውን ጻፉ፣ ጣታችሁ አይሰበርም። አንድ ኬ ብቻ መመለስም አይመከርም። ለላኪው «እሺ» ነው፣ ለተቀባዩ ኩርፊያ ነው።

ይሄን ሁሉ ለአክስቴ በስልክ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋት። በማግስቱ «እንዴት አደርሽልኝ?» ብዬ ጻፍኩላት። አየችው፣ ቆየች፣ ከዚያ አንድ ኬ መለሰችልኝ። እስካሁን ተቀይማኝ ይሁን ተምራ አላወቅኩም።