የሀበሻ ልብስ ስትገዙ ክሩን ፈትኑት

ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ነጠላ ወይም ቀሚስ ስትመርጡ ጥለቱ ብቻ አያማልላችሁ። ከጫፉ ላይ አንዲት ትርፍ ክር ለምኑና ውጭ ወጥታችሁ በክብሪት ለኩሷት። ጥጥ ከሆነች እንደ ወረቀት ትነዳለች፤ አመዷም በጣት ሲነካ ብን ይላል። ቀልጣ ጠጣር ጥቁር ነገር ከሆነች ግን ሰው ሠራሽ ክር ነው። ጥለቱ ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ስለሆነ እሱ አያሳስባችሁ። መፈተን ያለበት ነጩ ነው፤ ገላችሁን የሚነካው እሱ ነውና።

እጥበት ላይ የሚያስፈራው የጥለቱ ቀለም ነው። ከማጠባችሁ በፊት ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ጥለቱን ጫን ጫን አድርጉት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ልብሱን በፍጹም አትዘፍዝፉት። በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ቶሎ አጥባችሁ አለቅልቁት። አትጠምዝዙት፤ በፎጣ ጠቅልላችሁ ውሃውን አስመጥጡት። ከዚያ ጥላ ቦታ፣ ጥለቱ ነጩ ላይ እንዳይተኛ ዘርግታችሁ አድርቁት። በረኪና እባካችሁ ይቅርባችሁ፤ ጥጡን ያሳሳዋል፣ ጥለቱንም ያበላሸዋል።

በደንብ ሳይደርቅ ከታጠፈ ይሻግታል። ስታስቀምጡትም በፌስታል ሳይሆን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት።