የአያቴ አንቀልባ ዛጎል፦ ሁለቱን ዝርያ እንዴት እንደለየኋቸው

ከአያቴ አንቀልባ ላይ ሰባት ዛጎል ወልቆ ነበር። እዚሁ ባሕር ዳር ገበያ ወጥቼ አንድ እፍኝ ገዛሁና ጣና ዳር ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ መስፋት ስጀምር፣ አዲሶቹ ከድሮዎቹ ጋር አልገጥም አሉኝ። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ባለ ጥርስ። ግን የሆነ ነገር ይለያል።

ለካ ሁለት ዝርያ ናቸው። ሁለቱም በሕንድ ውቅያኖስ የሚኖሩ የባሕር ቀንድ አውጣዎች ናቸው፤ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 አንዱን ሞኔታ፣ ሌላውን አኑለስ ብሏቸዋል።

አኑለስ ጀርባው ላይ ብርቱካናማ ቀለበት ስላለው መጀመሪያ እሱን ፈለግኩ። አልሠራም። የኔዎቹ ቆዳው ላይ እንዲተኙ ጀርባቸው ተቆርጧል፤ ደግሞ ሞኔታም አንዳንዴ ስስ ቀለበት ያወጣል።

የፈታልኝ ጎናቸው ነው። ዛጎሉን ጥርሱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ያዙትና ዙሪያውን በጥፍራችሁ ዳብሱት። ሞኔታ ወደ አንዱ ጫፍ ሰፋ ብሎ ማዕዘን ይሠራል፣ ጎኑም ላይ ጉብ ጉብ ያለ ነገር አለው፤ ጥፍር ይይዛል። አኑለስ ግን ሞላላ ነው፣ ጥፍራችሁ ሳይደናቀፍ ዞሮ ይመለሳል። በመጠን አትለዩ፣ ይቀራረባሉ። ጉብታው ደከም ያለ ሞኔታም ስላለ፣ የሚያጠራጥራችሁን ለብቻው አስቀምጡት።

የአያቴ ዛጎሎች በሙሉ አኑለስ ናቸው። ከገዛሁት ውስጥ ዘጠኝ አኑለስ አገኘሁ፣ ሰባቱን ሰፋሁ። እህቴ ትናንት ልጇን አዘለችበት።