ያለ መኪና በደሴና በኮምቦልቻ ዳርቻ ሰፈሮች የሱቅ ሥራ እንዴት ይገኛል?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የሱቅ ሥራ የሚፈልጉ ሰዎች አብዛኞቹ መኪና የላቸውም፤ ቀጣሪዎቹም ይህን ያውቃሉ። ችግሩ የሚመጣው ሥራው ከመሃል ከተማ ሲርቅ ነው። ደሴ ፒያሳ ወይም ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ ሱቅ ምሽት ላይ ሲዘጋ መጓጓዣ ብዙም አይቸግርም፤ በጢጣ፣ በገራዶ ወይም በቦሩ ሜዳ በኩል ላለ ሱቅ ግን ጠዋት በቀላሉ ተሂዶ ማታ መመለሻ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ዳርቻ ላይ የተቀጠሩ ሰዎች ሥራውን በአጭር ጊዜ ለቀው ሲወጡ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የሥራው ክብደት ሳይሆን የመመለሻው ነገር ነው። ስለዚህ ደመወዙ ስንት ነው ብለው ከመጠየቅዎ በፊት ሱቁ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋና በዚያ ሰዓት በምን እንደሚመለሱ ማወቅ ይኖርብዎታል።

በመጀመሪያ መንገድዎን ይለዩ

ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል በቁመቷ የተዘረጋች ከተማ በመሆኗ ሚኒባሶቹ በአብዛኛው ዋናውን መንገድ ተከትለው ይመላለሳሉ፤ ከዋናው መንገድ ገባ ያሉት ሰፈሮች ደግሞ በባጃጅ ወይም በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ርቀትን በኪሎ ሜትር ብቻ መገመት እዚህ ያሳስታል፤ ጠዋት ቁልቁል በ20 ደቂቃ የወረዱበት መንገድ ማታ፣ ቀኑን ሙሉ ቆመው ከዋሉ በኋላ፣ ሽቅብ ሲወጡት እጥፍ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ከቤትዎ ተነሥተው በሁሉም አቅጣጫ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚያስኬዱትን መንገዶች በእግርዎ ሄደው፣ በእግርዎ ተመልሰው ይዩዋቸው፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉትን መደብሮችም አንድ በአንድ በደብተር ይመዝግቡ። የመጀመሪያው የፍለጋ ክልልዎ ይህ ነው። ሁለተኛው ያለ ቅያሬ በአንድ ባጃጅ ወይም በአንድ ታክሲ የሚደረስበት ነው። ሁለት ጊዜ መቀያየር የሚጠይቀውን በመጨረሻ ይዩት፤ ክፍያው ከፍ ያለ ካልሆነ ባይቀበሉት ይሻላል።

በኮምቦልቻ መሃል ከተማው ሜዳማ ስለሆነ ብስክሌት ያለው ሰው የፍለጋ ክልሉን በብዙ ሊያሰፋ ይችላል። ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ወይም ከኮምቦልቻ ደሴ እየተመላለሱ መሥራት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ በሐረጎ በኩል የሚጠማዘዝ ዳገትና ቁልቁለት ሲሆን ክረምት ላይ ጉም ይወርድበታል፤ ሚኒባሶቹም ሲሞሉ እንጂ በሰዓት አይነሡም። በቀን ፈረቃ የሚሠራ ሰው ሊችለው ይችላል። የመዝጊያ ፈረቃ ከተሰጠዎት ግን እዚያው የሚያድሩበት ዘመድ ወይም የጋራ ኪራይ ቤት ሳያገኙ እሺ አይበሉ።

ዳርቻ ላይ የትኞቹ ሱቆች ሰው ይቀጥራሉ?

አዳዲስ ቤቶች በሚሠሩባቸው ሰፈሮች ቀድመው ከሚከፈቱት መካከል የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ይገኙበታል። ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለምና የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥበት ቤት ዕቃ የሚያወርድና የሚጭን ብቻ ሳይሆን ቆጥሮ የሚያስረክብና ደረሰኝ የሚጽፍ ሰውም ይፈልጋል፤ አብዛኞቹ የሚሠሩትም በቀን ብርሃን ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ መኪና ለሌለው ሰው ትልቅ ዋጋ አለው። ሚኒማርኬቶች በአንጻሩ ምሽቱ ዋና ገበያቸው ስለሆነ ዘግይተው ይዘጋሉ። በጢጣ በኩል በወሎ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ ያሉት የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶኮፒ ቤቶች፣ የሞባይል ዕቃ መሸጫዎችና ዳቦ ቤቶች የተማሪውን ወቅት ተከትለው ሠራተኛ ይጨምራሉ፤ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋም ሊቀንሱ ይችላሉና ሲቀጠሩ ይህን መጠየቅ አይርሱ። ኮምቦልቻ ላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ሌሎቹ ፋብሪካዎች የሚያወጡት ሠራተኛ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚሸምትባቸው ሱቆች አሉ፤ እነዚህ ቤቶች የሚጨናነቁት በፈረቃ መለወጫ ሰዓት ስለሆነ የግማሽ ቀን ሠራተኛ መያዝ ሊያዋጣቸው ይችላል።

ጊዜውንም ይምረጡ። ዒድ፣ ፋሲካ፣ ገናና አዲስ ዓመት ከመድረሳቸው ሦስት ወይም አራት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ እንዲሁም ትምህርት ሊከፈት ሲል ባለሱቆች ተጨማሪ እጅ ይፈልጋሉ። በበዓል ሰሞን ለጊዜው ገብቶ በቋሚነት የቀረ ሠራተኛ ብዙ ነው፤ ባለቤቱ ሥራውን አይቶታልና።

ወረቀትዎንና ተያዥዎን አስቀድመው ያዘጋጁ

የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃና ካለም የሥራ ልምድ ደብዳቤ ኮፒ በአንድ ፕላስቲክ ማኅደር ይያዙ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ብዙ ሱቆች ተዘርፈው ስለነበር የቀድሞ ቀጣሪያቸው የዘጋባቸው ወይም ወረቀታቸው የጠፋባቸው ሰዎች ዛሬም አሉ፤ እንዲህ ያለ ሰው የቀድሞ አለቃውን ፈልጎ፣ ቢያንስ በስልክ ስለ እርሱ ሊመሰክሩለት ፈቃደኛ መሆናቸውን ቢያረጋግጥ ይጠቅመዋል።

ገንዘብና ዕቃ በሚያስነካ ሥራ ሁሉ ማለት ይቻላል ተያዥ ይጠየቃል። ሥራ ከተገኘ በኋላ ተያዥ ፍለጋ መሮጥ ዕድሉን ለሌላ ሰው አሳልፎ ይሰጣል። ደመወዝተኛ ወይም ንግድ ፈቃድ ያለው ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም የዕድር ጓደኛ አስቀድመው ያነጋግሩ፤ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚዋሱም በግልጽ ይንገሯቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የዋስትና ውል ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልገለጸ ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ስለዚህ የገንዘቡ ቦታ ባዶ በሆነ ቅጽ ላይ ማንም እንዲፈርምልዎ አያድርጉ፤ ውለታ የዋለልዎን ሰው መጠበቅ የእርስዎ ድርሻ ነው።

ሱቁ ድረስ ሄደው ይጠይቁ

በስልክ እንጨት ላይ የተለጠፈ፣ በቴሌግራም የወጣና በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ያለ ማስታወቂያ መከታተል ተገቢ ነው፤ በቀበሌዎ ወይም በክፍለ ከተማዎ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትም በሥራ ፈላጊነት ይመዝገቡ። የዳርቻ ሱቆች ግን በአብዛኛው ማስታወቂያ አያወጡም፤ ሰው የሚያገኙት በሰው በሰው ነው። መኪና የሌለው ሰፈርተኛ ብልጫ የሚኖረውም እዚህ ላይ ነው፤ ለባለሱቅ ቅርብ የሚኖር ሠራተኛ ማለት ጠዋት የማይዘገይ፣ ዝናብ ሲዘንብ የማይቀር ሠራተኛ ነውና። ይህን በግልጽ ይናገሩት።

ገበያ በማይበዛበት ሰዓት፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ወይም ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ይሂዱ፤ ባለቤቱ ሙስሊም ከሆኑ የዓርብ ጁምዓ ሰዓትን ያስወግዱ። ደንበኛ ካለ እስኪሸኝ ይጠብቁና እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እዚሁ ጢጣ ነው የምኖረው፤ በእግሬ ሩብ ሰዓት ቢወስደኝ ነው። ሚኒማርኬት ውስጥ ዓመት ያህል ሠርቻለሁ፤ ተያዥም አለኝ። ሰው ሲያስፈልግዎ እንዲያስቡኝ ስልኬን ልተውልዎት?» ባለቤቱ ሐጂ ከሆኑ «ሐጂ»፣ እናት ከሆኑ «እትዬ» ማለት የአካባቢው ወግ ነው። ስምዎንና ስልክዎን ንጹሕ ወረቀት ላይ ጽፈው ይተዉ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳሙና ወይም ዳቦ ለመግዛት ብለውም ቢሆን ብቅ ይበሉ። ሥራ ከመገኘቱ በፊት ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ቢያጋጥምዎት ግን አይክፈሉ።

ከመስማማትዎ በፊት በመዝጊያው ሰዓት ፌርማታው ላይ ይቁሙ

ሱቁ የሚዘጋው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው ከተባሉ፣ በአንዱ ምሽት በዚያው ሰዓት ሱቁ አጠገብ ያለው ፌርማታ ላይ ይገኙ። ስንት ባጃጅ ያልፋል? ባዶ ነው ወይስ ሞልቶ? የቀኑን ታሪፍ ይጠይቃል ወይስ «ኮንትራት ካልሆነ አልሄድም» ይላል? አሽከርካሪዎቹን እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ ይጠይቁ፤ የሰዓት ገደብ በሚጣልበት ጊዜ ምን እንደሚያደርጉም ይወቁ። የሚቻል ከሆነ ይህንን ዝናብ ባለበት ምሽት ያድርጉት፤ በሐምሌና በነሐሴ ባጃጅ ይጠፋል፣ የተገኘውም ዋጋ ይጨምራል፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱም ጭቃ ይሆናል። ይህ አንድ ምሽት ከብዙ ሰው ምክር የበለጠ ያሳውቅዎታል።

ቀጥሎ ሒሳቡን ይሥሩ። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ሰው በወር 26 ቀን ያህል ይመላለሳል፤ ይህም በአንድ መጓጓዣ ብቻ ለሚሄድ 52 ክፍያ፣ አንድ ጊዜ ለሚቀያይር ደግሞ 104 ክፍያ ማለት ነው። የማታውን ዋጋ ከጠዋቱ ለይተው ያስሉ። ከደመወዙ ላይ የጡረታ መዋጮውን 7 በመቶ፣ ታክስ የሚቆረጥበት ከሆነም ያንን፣ ከዚያም መጓጓዣውንና ምሳውን ቀንሰው የሚቀረውን ቅርብ ካለው አነስተኛ ደመወዝ ጋር ያወዳድሩ። በእግር የሚደረስበት ሱቅ አነስ ባለ ደመወዝም ቢሆን ብዙ ጊዜ የተሻለ ሆኖ ይገኛል።

መመለሻው አስቸጋሪ ከሆነ ለመደራደር አይፍሩ። «ጋሼ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ቀድሜ ገብቼ ልክፈት፤ ማታ ግን ከ1 ሰዓት በፊት ብትለቁኝ» የሚል ጥያቄ ለባለቤቱም የሚስማማበት ጊዜ አለ። አብረው የሚዘጉ ሁለት ሦስት ሠራተኞች ካሉ አንድ የሚታመን የባጃጅ አሽከርካሪ በወር ተነጋግረው በጋራ ቢይዙ ወጪው ይቀላል፤ በተለይ ሴቶች የባጃጁን ሰሌዳ ቁጥርና የአሽከርካሪውን ስልክ ለቤተሰብ ቢተዉ መልካም ነው።

ውሉ ላይ ምን ይታይ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎ ወስኗል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገብቶ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚወጣ ሠራተኛ የአንድ ሰዓት ምሳ ቢቀነስለት እንኳ በቀን 11 ሰዓት ይሠራል፤ በስድስት ቀን ትርፍ ሰዓቱ 18 ይደርሳል፣ ሕጉ የሚፈቅደው ግን በሳምንት ከ12 ሰዓት ያልበለጠ ነው። ለትርፍ ሰዓቱም እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ያለው በአንድ ተኩል እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራው በሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። ውሉ በጽሑፍ ባይሆን እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች የያዘ የተፈረመ ወረቀት የመስጠት ግዴታ አለበት።

ከሁሉም በላይ ግን ስለ ጉድለት ይጠይቁ። በሱቅ ሥራ ሰው ከባለቤቱ ጋር የሚጣላው፣ ደመወዙም የሚያልቀው በዚህ ነው። ሒሳብ ሲጎድል ማን ይከፍላል? ከአንድ በላይ ሰው በሚነካው መሳቢያ ላይ የጎደለ እንዴት ይለያል? አሠሪው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ከደመወዝ መቁረጥ አይችልም፤ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ የሚፈርሙትን ያንብቡ።

ራስን መጠበቂያው ርክክብ ነው። ጠዋት መሳቢያው ውስጥ ያለውን ዝርዝር ገንዘብ ባለቤቱ ወይም የቀደመው ፈረቃ ባለበት ይቁጠሩ፤ መጠኑን በደብተር ጽፈው ሁለታችሁም ፈርሙ። በቴሌብር ወይም በባንክ የተከፈለውን ገንዘቡ መግባቱን የሚያሳውቀው መልእክት ሱቁ ስልክ ላይ ሳይደርስ ዕቃ አያስረክቡ፤ ደንበኛው የሚያሳየው የስልክ ምስል ማረጋገጫ አይሆንም። ማታም በጥሬ ገንዘብ፣ በቴሌብር፣ በባንክና በዱቤ የተሸጠውን ለየብቻ ደምረው ያስረክቡ። ባጃጅ ሊያልፈኝ ነው ብሎ ሳይቆጥሩ መውጣት ለጉድለት በር ይከፍታል፤ ለርክክብ የሚሆን ሩብ ሰዓት ከመመለሻዎ ጋር አብሮ የሚታሰብ መሆን አለበት።

ሥራውን ከለመዱት በኋላ ቅርብ የሆነ ሱቅ ቢያገኙና ቢለቁ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የቆዩበትን ጊዜና የደመወዝዎን መጠን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይጠይቁ፤ አሠሪው ያለ ክፍያ ሊሰጥዎ ይገባል። የተያዥዎን የዋስትና ወረቀትም ሒሳብ ዘግተው በተለያዩበት ቀን ተመላሽ ያስደርጉ።