ከፕሮግራመርነት ወደ ፕሮጀክት ማናጀርነት ሲሸጋገሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎበዝ ፕሮግራመር ያደረገዎት ልማድ፣ ችግር ሲያዩ ራስዎ ገብተው መፍታትዎ፣ ማናጀር ሲሆኑ መልሶ ይጥልዎታል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ ይመነጫሉ።

ኮዱን አለመልቀቅ። ቡድኑ ሲዘገይ "ይህችን እኔው ልጨርሳት" ማለት ያጓጓል። ኮድ መጻፍ ሳይቋረጡ ሁለትና ሦስት ሰዓት መቀመጥ ይፈልጋል፤ የማናጀር ቀን ግን በስብሰባና በስልክ የተቆራረጠ ነው። የያዙት ሥራ ሌሎች የሚጠብቁት ከሆነ ሁሉም በእርስዎ ምክንያት ይቆማል፤ "ለምን ዘገየ?" ብሎ መጠየቅ የነበረበት ደግሞ እርስዎ ነበሩ። እጅዎ አላስቀምጥ ካለዎት ማንም የማይጠብቀውን ትንሽ ነገር ይሥሩ፤ ለምሳሌ ለሪፖርትዎ ቁጥር የሚሰበስብ ስክሪፕት።

በራስዎ ፍጥነት መገመት። ሲስተሙን የጻፉት እርስዎ ከሆኑ በሁለት ቀን የሚጨርሱት ሥራ ለአዲስ ሰው ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ግምቱን ከሚሠራው ሰው ይውሰዱ፤ ሦስት ቁጥርም ይጠይቁ፦ ሁሉ ከተሳካ፣ እንደ ወትሮው ከሄደ፣ ነገር ከተበላሸ። መልሱ 3፣ 5 እና 13 ቀን ቢሆን መካከለኛውን በ4 ያባዙ፣ ሁለቱን ይደምሩበት፣ ለ6 ያካፍሉ፤ 6 ቀን ይመጣል። ከስሌቱ በላይ የሚጠቅመው ግን "13 ያልከው ምን ፈርተህ ነው?" ብሎ መጠየቅ ነው፤ ያልተሰጠ የሰርቨር ፈቃድ ወይም ያልተጻፈ የኤፒአይ ሰነድ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። ግምቱ ሪቪውን፣ ቴስቱንና ሰርቨር ላይ መጫኑን መያዙንም ያረጋግጡ። ፕሮግራመር "አለቀ" ሲል ብዙ ጊዜ ኮዱ ተጻፈ ማለቱ ነው፤ ይህን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ለኃላፊ በቴክኒክ ቋንቋ ሪፖርት ማድረግ። "ማይግሬሽኑ በፎሪን ኪይ ስህተት ቆሟል" የሚል ሪፖርት ያነበበ ኃላፊ ምን እንዲያደርግ እንደተፈለገ አይገባውም። እንዲህ ይጻፉት፦ "የደንበኞችን መረጃ የማዛወሩ ሥራ 4 ቀን ይዘገያል። የተበላሹትን የድሮ መዝገቦች ለጊዜው ትተን ካለፍን በቀኑ ይደርሳል። እስከ ረቡዕ ይወስኑልን።"

ለውጥን በቃል መቀበል። "አንዲት ሳጥን ብቻ ጨምሩልን" ሲባል አእምሮዎ መፍትሔውን ወዲያው ያሰላና "ቀላል ነው" ያሰኝዎታል። ያቺ ሳጥን ግን ቅጹን፣ ዳታቤዙን፣ ሪፖርቱንና ቴስቱን ትነካለች። ከመስማማትዎ በፊት ምን እንደሚጨመር፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ በምትኩ የትኛው ሥራ እንደሚገፋና ማን እንዳጸደቀው በጽሑፍ ያስፍሩ። የሚገፋውን ሥራ ሲያዩ ጥያቄያቸውን ራሳቸው የሚተዉ ብዙ ናቸው።

ሥራ ሲዘገይ ሰው መጨመር። በ5 ሰዎች መካከል 10 የመነጋገሪያ መስመር አለ፤ 8 ሲሆኑ 28 ይደርሳል። አዲስ ገቢዎቹን የሚያስተምሩትም ያው ሥራ የበዛባቸው ነባሮች ናቸው። መጀመሪያ ከሥራው ይቀንሱ።

ሰርተፍኬት ማስቀደም። ለፒኤምፒ (PMP፣ ልምድ ላላቸው ፕሮጀክት ማናጀሮች የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሰርተፍኬት) ፈተና ባለ 4 ዓመት ዲግሪ ያለው ሰው 36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድና 35 ሰዓት ሥልጠና ይጠየቃል፤ ኮድ የጻፉበት ጊዜ እንደ መምራት አይቆጠርም። ለጀማሪዎች የሚሰጠው ሲኤፒኤም (CAPM) ግን የሥራ ልምድ አይጠይቅም፤ 23 ሰዓት ሥልጠና ይበቃዋል። ፒኤምፒን ካሰቡ የሚመሩትን እያንዳንዱን ፕሮጀክት የተጀመረበትንና ያለቀበትን ወር፣ የእርስዎን ድርሻና ውጤቱን ከዛሬ ጀምሮ ይመዝግቡ፤ ማመልከቻው የሚሞላው በእነዚሁ ነው።